ስለ ላም ውሃ መስክ እሾህ ለክቡር ካፒታኖ የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በላም ውሃ ኮረብታ ላይ ምሽግ ሠርተው ለተቀመጡት ለጣሊያኑ ጦር አለቃ ለክቡር ካፒታኖ።

ለመሆኑ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኛ ገብሳችን ለበቅሎዎችዎ፣ ዶሮዎቻችን ደግሞ ለወጥ ቤትዎ ከመሄዳቸው በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። ጉልበትዎን እንደሚያምዎት ሰምተን ዘወትር እንጠይቃለን። ወንዛዬ ፍል ውሃ ወርደው አንድ ሱባኤ ቢነከሩ ይሻልዎት ነበር ብለን እንመኛለን፤ ነገር ግን ከምሽግዎ ደጅ ብቅ ካሉ እንኳ መቆየትዎን ስለምናውቅ ምኞታችንን በሆዳችን ይዘነዋል።

ይህን የምጽፍልዎት እኔ የላም ውሃ መስክ ዳኛ ሀብተማርያም ሙላቴ ነኝ። በአገርዎ እንዲህ ያለ ሹመት ይኑር አይኑር ስለማላውቅ ላስረዳዎት፤ የመስክ ዳኛ ማለት የጋራ ግጦሹ መቼ እንደሚከለል፣ መቼ ለከብት እንደሚለቀቅ፣ እሾሁም መቼ እንደሚመነጠር እንዲወስን አገሬው የመረጠው ሰው ነው። ስድቡ የትየለሌ ነው። ስድቡን እንኳ ከእርስዎ ጋር እንጋራዋለን፤ ደመወዙ ግን የእርስዎ ብቻ ነው።

ስለ እርስዎ ክፉ የሚያወራ ሞልቷል። እኔ ግን ውለታ የማልረሳ ሰው በመሆኔ፣ ያደረጉልንን ሁሉ በተራ በተራ እየጠቀስሁ ላመሰግንዎት ተነሥቻለሁ።

፩. እሾህ አጥተን እንደ ተቸገርን ሁሉ፣ ከባሕር ማዶ ድረስ በመርከብና በመኪና ጭነው ስላመጡልን እናመሰግናለን። እኛ ቀጋና አጋሙ ይበቃናል ብለን አርፈን ተቀምጠን ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ሆነና፣ እርስዎ ያንን ጥፍራም ቁጥቋጦ በምሽግዎ ዙሪያ አጥር እንዲሆን ተከሉት። ፍሬው ለካ ጣፋጭ ኖሯል፤ ከብቶቻችን በበጋ ለቃቅመው በሉትና በእበታቸው በመስኩ ሁሉ ዘሩት። ላም ገበሬ ሆና ስትዘራ ያየነው በእርስዎ ዘመን ነው። ክረምት በክረምት ላይ ሲደረብ፣ ከወንዙ አንሥቶ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ ሣር የነበረው ሁሉ እሾህ ሆኖ ቁጭ አለ። አገሬው ስም አውጥቶለታል፤ ከእኛው አፈር በቅሎ እኛኑ ስለሚወጋ «ባንዳ» ይለዋል። አስተርጓሚዎ አለሙ ይህን ሲያነብልዎት ትንሽ ቢያስለው አይፍረዱበት።

፪. ዓምና ስለተኮሱልን ጥይት እናመሰግናለን። ልማዳችን እንዲህ ነው፦ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ መሬቱ ጨርሶ ሳይደርቅ፣ ደቦ ወጥተን መስኩን እንመነጥራለን። እሾህ ከላይ ቢቆርጡት ይስቃል እንጂ አይሞትም፤ ከሥሩ ተቆፍሮ፣ ተከምሮ፣ ደርቆ መቃጠል አለበት። ሥራው ወገብ ይቆርጣልና ወንዱ እየፎከረ ይቆፍራል፣ ሴቱ እልል ይላል፣ ጠላውም ይዞራል። ጎረምሶቹ «ዘራፍ!» ብለው መጥረቢያቸውን ሲያነሡ፣ ዘበኞችዎ ጦር የመጣባቸው መስሏቸው መትረየሱን ለቀቁት። እኛ በደረታችን ተደፍተን ማርያም ማርያም ስንል፣ ጥይቱ ሁሉ እሾሁ ላይ አለቀ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸ ነው። የሆነው ሆኖ፣ መንግሥትዎ ያመጣብንን እሾህ የተዋጋልን ያን ዕለት ብቻ ነውና ውለታው አይረሳም፤ ከእሾሁ ወገን የሞተ ባይኖርም።

፫. ከዚያ ወዲህ መጥረቢያውንና ገጀሞውን ለቅመው በግምጃ ቤትዎ ስለቆለፉልን፣ ጭስ የሽፍታ ምልክት ነው ብለው እሳት ስለከለከሉን፣ ፉከራችንንም ስላስቀሩልን እናመሰግናለን። ከድካም አሳረፉን። ለእሾሁ የቀረን ጥፍራችን ብቻ ነበር።

፬. ይህን ቁጥር እንኳ ስጽፍ ቀልዱ ከአፌ ይጠፋል። ጎረቤቴ ወይዘሮ ውድነሽ ባል የሞተባቸው፣ ዕድሜያቸውም የገፋ ሴት ናቸው። ያለቻቸው አንዲት ላም ናት፤ ዳልቻ ይሏታል። ዳልቻ ባለፈው ኅዳር ሣር ፍለጋ እሾሁ ውስጥ ገብታ ግቷን ቀደዳት። ቆሰለ፣ መገለ፣ ወተቱም ነጠፈ፤ ጥጃዋ ጠብቶ ሳይጠግብ ሞተ። ወይዘሮ ውድነሽ በበረታቸው ዙሪያ ያለውን እሾህ እንኳ የሚያስመነጥሩበት አንድ መጥረቢያ እንዲያውሷቸው እርስዎ ዘንድ መጥተው በዚያ ዕድሜያቸው ደጅ ጠኑ። እርስዎም በአለሙ አፍ፣ እሾሁ የመንግሥት ንብረት እንደሆነ፣ የነካውም እንደሚቀጣ፣ ነገር ግን ወደ ፊት ከአገርዎ በወተታቸው ስመ ጥር የሆኑ ላሞች እንደሚመጡላቸው አስነገሯቸው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! እሳቸው ሲመለሱ አላለቀሱም፤ እኔ ግን አለቀስሁ፣ ተናደድሁም፣ አሁንም እንደ ተናደድሁ ነኝ። መስኩ ከጠፋ ላም የለም፤ ላም ከሌለች በሬ ከየት ይወለዳል? በሬ ከሌለስ በምን ይታረሳል? ዘንድሮ ክረምቱ ሳይገባ ካልመነጠርነው፣ የላም ውሃ ሰው ከብቱን እየነዳ መሰደዱ ነበር።

፭. እግዚአብሔር ግን በማይታሰብ በኩል ይረዳል። በጉና ተራራ በኩል የሸፈቱብዎት ሰዎች፣ ስማቸውን እንዳንጠራ እርስዎ ስለከለከሉን አልጠራቸውም፣ ወደ እርስዎ መቅረባቸውን ሲሰሙ እንቅልፍ አጡ። የተከሉት አጥር አነሰዎት። ከዚያም አንድ ጧት በመነጽርዎ ወደ ታች ሲመለከቱ ዓይንዎ በእሾህ በታጠረው በወይዘሮ ውድነሽ በረት ላይ ዐረፈ፤ ጅብ ሲዞረው አድሮ ሳይገባ መመለሱንም ሰሙ። ወዲያው አዋጅ ተነገረ፦ መጥረቢያው ይመለስ፤ በመስኩ ያለው እሾህ ከነሥሩ ተነቅሎ ወደ ምሽጉ ይምጣ፤ ምሽጉ ልክ እንደ ከብት በረት ይታጠር፤ በሩም ማታ ማታ በእሾህ ይዘጋ።

ክቡር ሆይ፣ ዓመቱን ሙሉ ለምነን ያላገኘነውን ነገር ፍርሃትዎ በአንድ ጧት ፈጸመልን። አገሩ ነቅሎ ወጣ። ፉከራውንም ለሥራው ይጠቅማል ብለው ፈቀዱልን፤ ዘበኞችዎ ከግንቡ ላይ ሆነው ሲያጨበጭቡልን አይተን በጣም ደስ ብሎናል። እኛ ቆፈርን፣ ጎተትን፣ እሾሁ እየወጋን እየተሳደብን በዙሪያዎ ቆለልነው። ስድቡ ለእሾሁ ነው ብለን ነበር፤ ለሌላ የደረሰ ካለ ይቅርታ። ዛሬ መስኩ ጠርቷል። ዳልቻ ወተቷ ባይመለስም ቁስሏ ደርቆ ሣር ላይ ናት። ባንዳውም በሙሉ እርስዎ ዘንድ ተሰብስቧል፤ ድሮም ቦታው እዚያ ነበር።

አንድ ጥፋት ግን አልደብቅዎትም። ሥራው ሲያልቅ መጥረቢያውን እንድንመልስ ታዘን ነበር። ጎረምሶቹ በጉናም የሚመነጠር እሾህ አለ ብለው ይዘውት ሄዱ። እኔም ዳኛቸው ስለሆንሁ ጥያቸው መቅረት ነውር መሰለኝና ተከተልኋቸው። ስለዚህ ዘበኛ ወደ ቤቴ ልከው እግሩን አያድክሙት፤ ውሻው እንኳ ከእኔ ጋር ነው።

የዚህ ደብዳቤ ግልባጭ በገሳይ ገበያ በወይራው ግንድ ላይ ተለጥፏል፤ ፊደል የቆጠረው ላልቆጠረው እያነበበለት ስለሆነ፣ ምናልባት ከአገሩ ሁሉ በኋላ የሰሙት እርስዎ ይሆናሉ። ሁለተኛው ግልባጭ ለዳልቻ ነው፤ ብታመነዥከውም ተቀባይነት አለው።

በተረፈ፣ እሾህ ላመጡልን፣ እሾሁንም መልሰው ለወሰዱልን፣ ሣራችን እንዲለመልም ሳይወዱ ለደከሙልን ለእርስዎ የሚገባውን አክብሮት ሁሉ፣ ሳልጨምርም ሳልቀንስም፣ እያቀረብሁ እሰናበትዎታለሁ።

ሀብተማርያም ሙላቴ
የላም ውሃ መስክ ዳኛ፣ ለጊዜው በጉና
መጋቢት ፲፱፻፴፫ ዓ.ም.

ረስቼው የጨመርሁት፦ ምሽጉ ልክ እንደ ከብት በረት ይታጠር ብለው ስላዘዙ ቃልዎን ሳናዛባ ፈጽመናል። ይህን ምናልባት አለሙ አልነገረዎት ይሆናል፤ የይፋግ ነጋዴ ልጅ ነውና ከብት አያውቅም። በእኛ አገር የሰው ግቢ የሚዘጋበት እሾህ ግንዱ ወደ ውስጥ ነው፤ ባለቤቱ ከውስጥ ሆኖ ስቦ እንዲከፍተው። የበረት መዝጊያ ግን ግንዱ ወደ ውጭ፣ እሾሁ ወደ ውስጥ ነው፤ ከብት በር አይከፍትምና። ትናንት ማታ የእርስዎን በር ስንዘጋ ወይዘሮ ውድነሽ ዳልቻን እየነዱ ሲያልፉ ቆም ብለው አዩትና «እሰይ ልጆቼ፣ አሁን ገና በረት መሰለ» ብለው መርቀውናል። ስለዚህ ከውስጥ ሆነው ቢታገሉት እጅዎን ይወጋዎታል እንጂ አይከፈትም። ግን አይጨነቁ፤ በረት የሚከፈተው ባለቤቱ ሲመጣ ነው፤ ባለቤቶቹም ከጉና እየወረዱ ነው።