የአባትሽ የአንገት ቁልፍ

ልጄ ኢፍቱ፣ የኩባ አየር ይስማማሽ፤ የምትረግጪው መሬት ይለስልስልሽ።

እኛ ደህና ነን። የወንጂ አገዳ አብቦ ነፋሱ ነጭ ነጩን ያመጣዋል፤ ቀኑ ሕልም ይመስላል።

አባትሽ ኦጋዴን ጦርነት ላይ ለተቃጠለው አንገቱና ደረቱ ጡረታ ሊጠይቅ የሐኪሞች ቦርድ ፊት ቀርቦ ነበር። እኔ ሞኟ፣ ለክብሩ ብዬ ሸሚዙን ተኩሼ እስከ አንገቱ ቆለፍኩለት። እነሱም ሳይገልጡት «የሚታይ ጠባሳ የለም» ብለው ጻፉ። ይግባኝ ብለናል፤ እሱ ግን ሰው ፊት አልገለጥም አለ።

ትንሽ ሳለሽ ጠባሳውን በጣትሽ እየተከተልሽ «ይሄ አዋሽ ነው» ትይው ነበር። ትናንት ቀትር ላይ ተኝቶ ሳለ እኔም ተከተልኩት፤ ውሃው የሚሄድ መሰለኝ። በእንቅልፍ ልቡ «ኢፍቱ፣ የት ደረስሽ?» አለኝ።

የይግባኙ ቀጠሮ ለጥቅምት ነው። «አባዬ፣ ቁልፉን ፍታ» ብለሽ ጻፊለት፤ አንቺን እምቢ አይልም።

ያቺን ጣትሽን እግዜር ይጠብቅልኝ።

እናትሽ አሳየች