ከራኬብ ድድ ሥር ያሉት ጥርሶች

ይድረስ ለውድ እኅቴ ለየሺወርቅ ከፋለ፣ መቂ።

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ጉንፋኑስ ለቀቀሽ? እማማ እንዴት ናት? ባለቤትሽ ደሳለኝስ? ልጃችሁ ራኬብስ? የዘንድሮው ሽንኩርት እንዴት ሆነላችሁ? እኔ ወንድምሽ እግዚአብሔር ይመስገን እዚህ መቀሌ ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ የምልሽ ግን ካለፈው ሳምንት ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት ሁለት ወር ሙሉ ጥርሴን ሲያመኝ ነው የከረመው። እንዳትጨነቂ ብዬ ነው ሳልጽፍልሽ የቆየሁት።

የጥርስ ሐኪም ፊት ከተቀመጥኩ አሥራ አራት ዓመት ሆኖኝ ነበር። የመጨረሻው፣ ታስታውሺ እንደሆነ፣ ኮሌጅ ሳለሁ ናዝሬት ላይ ያየኝ ሰውዬ ነው። አፌን አስከፍቶ ሲያበቃ፣ “በዚህ አፍ ነው አስተማሪ የምትሆነው? አገራችሁ መፋቂያ የሚባል ነገር የለም?” ብሎ ተራ በሚጠብቀው ሰው ሁሉ ፊት አሳቀብኝ። ከዚያ ወዲህ ጥርሴን ሲያመኝ ቅርንፉድ እነክሳለሁ እንጂ ሐኪም ቤት ደርሼ አላውቅም። ክፍል ውስጥ እንኳ አማርኛ ሳስተምር መጽሐፉን አፌ ድረስ ከፍ አድርጌ ነው የማነበው፤ ተማሪዎቼ ዓይኔን የሚያመኝ ይመስላቸዋል።

አሁን የወሰደኝ ኣረፋይነ ነው፤ ከእኔ ጋር አንድ ግቢ የተከራየ የኬሚስትሪ መምህር። ምሳ ስንበላ በአንድ ጎን ብቻ ሳኝክ አየኝና፣ “ኣንታ ሚልኪያስ፣ ግራህ ገና እየጾመ ነው እንዴ? ፋሲካ እኮ አለፈ!” አለኝ። ሳቅሁ፤ መሳቁም አመመኝ። በማግስቱ እጄን ይዞ ዓዲ ሓቂ ሰፈር አዲስ የተከፈተ የጥርስ ክሊኒክ አስገባኝ።

ሐኪሟ ዶክተር ኣርሴማ ትባላለች፤ በዕድሜ ከእኔም ታንሳለች። ወንበሩ ላይ ገና ሳልደላደል፣ “ጠዋትና ማታ እፋቃለሁ” አልኳት። “መምህር፣ ማን ከሰሰዎት? ይልቅ ይክፈቱት” አለችኝ። ትንሿን መስታወት አስገብታ ከፊት ጥርሶቼ እስከ መንጋጋዬ አንድ በአንድ አየች። ቆየት ብላ፣ “የት ነው ያደጉት? መተሐራ? ዝዋይ? መቂ?” አለች። መቂ ስትል “ኣ!” አልኩ፤ አፌን ከፍቼ ሌላ ምን እላለሁ? አገሬን አልነገርኳት፣ ካርዴ ላይም አልተጻፈ። ምን አይታ አወቀች ብዬ ሕመሙን እስክረሳ ድረስ ገረመኝ።

መንጋጋዬን አደንዝዛ የተበላውን ጠርጋ ሞላችልኝ። ከዚያ መስታወት አስይዛ የፊት ጥርሶቼን ቡናማ እድፍ አሳየችኝ። ቆሻሻ አይደለም አለች። ተመርቃ መጀመሪያ የሠራችው ዝዋይ ስለሆነ እንዲህ ያለ ጥርስ ብዙ አይታለች። በእኛ አካባቢ በብዙ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ የሚባል ንጥረ ነገር ይበዛል፤ ልጅ ያን እየጠጣ ሲያድግ ጥርሱ ከድዱ ሥር ገና ሲሠራ ይበላሻል፤ ከወጣ በኋላ ቢፋቅ አይለቅም። “ጥፋቱ የውሃው ነው፤ የእርስዎ አይደለም” አለችኝ። እማማ በከሰል ዱቄት ድዳችን እስኪደማ ያሸችን፣ አንቺንም ሸንኮራ ሰርቀሽ በላሽ ብላ የገረፈችሽ በከንቱ ነበር ማለት ነው።

ይኼኔ ደብዳቤሽ ትዝ አለኝ። የራኬብ ጥርስ ወተት ይመስላል፣ ከረሜላ አላስነካትም፣ ውሃዋንም አፍልቼ ነው የማጠጣት ብለሽኝ ነበር። ለዶክተሯ ነገርኳት። ዕድሜዋን ጠየቀችኝ፤ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ አልኳት። አሁን የምታዩት የወተት ጥርሷን ነው፣ እሱን የሚተካው ዛሬ ከድዷ ሥር እየተሠራ ነው አለችኝ። ማፍላቱም ፍሎራይዱን አያስወጣውም። ጉድጓዳችን ምን ያህል እንዳለበት ሳይለካ አይታወቅም፤ የእኔንና የአንቺን ጥርስ ያየ ሰው ግን እስኪለካ ድረስ ልጅ ከዚያ አያጠጣም።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ለራኬብ የታሸገ ውሃ ግዙላት። ደሳለኝ ሽንኩርት ጭኖ አዲስ አበባ ሲሄድ ከጉድጓዱ አንድ ጠርሙስ፣ ከከተማው ቦኖ አንድ ጠርሙስ ይዞ ይሂድ፤ የትኛው ከየት እንደተቀዳ ይጻፍበት። ኣረፋይነ ከሰኔ 4 እስከ 10 እዚያ ስለሚቆይ ይቀበለዋል። ዶክተሯ የምታስለካበት ቦታ አላት።

የጨነቀኝ ጉድጓዱ የአባባ መሆኑ ነው። ለጎረቤት ሁሉ በነፃ ያጠጣበት፣ በቀብሩ ቀን እንኳ አልቃሾች ያነሱለት ጉድጓድ ነው። እማማ፣ “የከፋለን ውሃ መርዝ አላችሁት” ብላ እንዳታዝን እፈራለሁ። ይህን ቀስ ብለሽ አንብቢላት፦ አባባ ለሰው ያጠጣውን እሱም ጠጥቶታል። ቢያውቅ ኖሮ ጉድጓዱን ቀድሞ የሚከድነው እሱ ነበር።

የእማማን ጉልበት ሳሚልኝ፤ በከሰሉ አልተቀየምኳትም በያት። ደሳለኝን ሰላም በይልኝ፤ ክረምት ሳይገባ የቆርቆሮውን አሸንዳ አስተካክሎ በርሜል ያስቀምጥበት፤ የዝናብ ውሃ ፍሎራይድ የለበትም። ለጎረቤታችን ለሳሊህ ሰላምታዬን አድርሺ፤ የእሱም ልጆች የሚጠጡት ከእኛው ግቢ ነውና አፍራችሁ እንዳትደብቁት፣ ዛሬውኑ ንገሩት። ራኬብን ጉንጯን ሳሚልኝ። የዝናብ ውሃ አይጣፍጠኝም ብላ ብታለቅስ ግን እንዳትራሪላት።

ወንድምሽ ሚልኪያስ ከፋለ
መቀሌ፣ ግንቦት 24 ቀን 2004 ዓ.ም.