እማዬ ቅባት ተቀባች

ለምወድሽ እታለም ዘመናይ፣

ከደጃችን እስከ ሐዋሳ በሚያደርሰው መንገድ ላይ ያለው ጠጠር ቢቆጠር የእኔ ሰላምታ ይበልጣል። ለመሆኑ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ወገብሽን ያምሽ ነበር፣ ተሻለሽ? የልብስ ስፌት ፋብሪካው ሥራ አልከበደሽም? አብራሽ የምትኖረው ጓደኛሽስ ደህና ናት? እኛ ከሐዘናችን በቀር ክፉ አላገኘንም፣ አምላክ ይመስገን። ስልኩ ሲገኝ ሲጠፋ እያናደደኝ ይህን ሁሉ በወረቀት ጻፍኩልሽ። ለጥምቀት ከሐዋሳ መጥቶ የነበረው የጎረቤታችን ልጅ ምስጋናው ሲመለስ ያደርስልሻል።

ወንድማችን ዓለምነው ጥቅምት ላይ ሲያርፍ መንገድ ተዘግቶ ለቅሶው ላይ አለመድረስሽ ዛሬም እንደሚያንገበግብሽ አውቃለሁ። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩን ገፋ አድርጌ ስሙን ልጠራ እልና እዚያው እቆማለሁ። ዛሬ የምጽፍልሽ ግን የለቅሶ ወሬ አይደለም። እማዬን በሙግት ረታኋት!

ነገሩ እንዲህ ነው። የቀብሩ ዕለት እማዬ «እስከ ሙት ዓመቱ ቅባት የሚባል ገላዬን አይነካም» ብላ ማለች። ሁላችንም የራስ ቅቤዋን የተወች መስሎን ነበር። እሷ ግን ሁሉንም ነው የተወችው። የእማዬ ዕድሜ ደግሞ ገፍቷል። የቾቄ ተራራ ንፋስና የጥር ውርጭ ተባብረው እጇን የደረቀ ማሳ አስመሰሉት። ጥጥ ስትፈትል ክሩ በተሰነጠቀው ጣቷ እየተያዘ ይበጠሳል። ቅርፊት ያወጣው እግሯ ሲያሳክካት እሳት ዳር ዘርግታ ታሞቀዋለች፤ ይብስባታል። በመጨረሻ አውራ ጣቷ መግል ቋጥሮ አበጠ። በጨርቅ ጠቅልላ ስትደብቀው አባባ አየና በግድ ጤና ጣቢያ ወሰድናት።

ነርሷ ሲስተር ሔዋን ቁስሉን አጥባ፣ አሽጋ፣ መድኃኒት ሰጠቻት። ከዚያም «እማማ፣ ሰው ሲያረጅ ቆዳው የራሱን ወዝ ያጣል። ከውጭ ካልሰጡት ይሰነጠቃል። ይህ ጣት ቢድን ነገ ሌላው ይቆስላል፣ በዚህ ከቀጠሉ እጅዎን ያጣሉ» አለቻት። ሽታ የሌለው ቫዝሊን ጠዋትና ማታ እንድትቀባ አዘዘቻት። ገዝተን ገባን። እማዬ ተቀብላኝ መደርደሪያው አናት ላይ ሰቀለችውና «ልጄን አፈር አልብሼ እኔ ልወዛ?» አለች። የነፍስ አባታችን አባ አካለ ወልድ መጥተው መድኃኒት እንጂ ጌጥ እንዳልሆነ፣ ኃጢአትም እንደሌለበት ነገሯት። «እሺ አባቴ» ብላ መስቀሉን ተሳለመች። ቫዝሊኑ ግን ከሰቀለችበት አልወረደም።

እኔም እንግዲህ የአቶ ፈንታ ልጅ ነኝ፤ እልህ ከአባባ ወርሻለሁ። «ለዓለምነው አንቺ እናቱ ከሆንሽ እኔም ወንድሙ ነኝ። አንቺ ካልተቀባሽ እኔም አልቀባም» አልኳት። «ሂድ፣ ልጅ ነህ፣ ተቀባ» አለችኝ። አልተቀባሁም። በማለዳ በወንዝ ውኃ ፊቴን እየታጠብኩ በዚያ ውርጭ ትምህርት ቤት እሄድ ጀመር። ከንፈሬ ተሰነጠቀ፣ ክንዴ አመድ መሰለ። የክፍል ጓደኞቼ «ጌቱ፣ ከወፍጮ ቤት ነው የመጣኸው?» እያሉ ሳቁብኝ። እማዬ አይታ እንዳላየች ታልፋለች፤ ፊቷን ስታዞር ግን ከንፈሯን ስትነክስ አያታለሁ።

የረታችልኝ ትንሿ እህታችን እየሩስ ናት። ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገብታ የለ? እኔ ሳጠና አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ ክንዴ ላይ በጥፍሯ «ሀ ሁ ሂ» ብላ ጻፈችብኝ። ፊደሉ ነጭ ሆኖ ቁልጭ ብሎ ወጣ! ክንዴን ይዛ እየጎተተች «እማዬ፣ ጌቱ እኮ ጥቁር ሰሌዳ ሆነ፤ ጠመኔ አያስፈልገኝም!» እያለች አሳየቻት። እማዬ አነበበችው ማለት አልችልም፣ ፊደል አታውቅም። ግን ክንዴን ተመለከተችና ሳቀች። እታለም፣ ከቀብሩ ወዲህ ሳቋን ሰምተነው አናውቅም። ሳቁ መሐል ላይ ልቅሶ ሆነ። ከዚያ ተነሥታ ቫዝሊኑን አወረደችና «ና ወዲህ፣ አመዳም!» አለችኝ። እጄን ከኋላዬ ደብቄ «መጀመሪያ አንቺ» አልኳት። «አንተ ሙግተኛ፣ ምነው ዳኛ ባደረገህ!» ብላ መዳፏን ዘረጋችልኝ።

አሁን ቤታችን ሥርዓት አለው። ለብ ያለ ውኃ አቀርብላታለሁ፤ የፈላ አይሆንም። በልብስ ሳሙና መታጠብ ቀርቷል። ቆዳዋን ሳልፈትግ በለስላሳ ጨርቅ መታ መታ አደርግና እርጥበቱ ሳይጠፋ ቫዝሊኑን እቀባታለሁ። ስትተኛ ካልሲ ታጠልቃለች። ከእሳት ዳርም ራቅ ብላ ነው የምትቀመጠው። አባባ መጀመሪያ «ላሟ እንኳ እንዲህ ታሽታ አታውቅም» እያለ ያሾፍብን ነበር። አሁን ተረከዙን ዘርግቶ ተራ ይጠብቃል። ጣቷ ድኗል። ክሩም አይበጠስባትም፤ ትናንት ከረፋድ እስከ ማታ ስትፈትል ዋለች። ሲስተር ሔዋን እጇን አይታ «እማማ፣ ይህን ያህል ማን ተንከባከበዎት?» ስትላት፣ እማዬ በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች። ያን ዕለት የሮብ ገበያን መንገድ የሄድኩት በእግሬ አይመስለኝም።

አባባ «በርቺ ልጄ፣ ወገብሽን አታጉብጪ» ብሎሻል። እየሩስ ጉንጭሽን ትስምሻለች፤ ባለ ቀለም እርሳስ ላኪልኝም ብላለች። አባ አካለ ወልድ በጸሎታቸው ያስቡሻል። ጓደኛሽንም ሰላም በይልን።

እማዬ ደግሞ ብርቱ ትእዛዝ አላት። ምስጋናው አንቺም ለዓለምነው ብለሽ ቅባት እንደተውሽ፣ እጅሽም በጨርቁ እየተፋቀ እንደተሰነጠቀ ነግሯታል። «ማህላዬን ያፈረስኩት ላሉኝ ልጆቼ ስል ነው፤ ካሉኝ አንዷ እሷ ናት። ዓለምነው በልቧ ይኑር፣ እጇን ግን ይተውላት» ብላለች። በምስጋናው እጅ የላከችልሽ ዕቃ ቫዝሊን ነው። ደብዳቤውን ሳታጥፊው ታጠቢና ተቀቢ። ወረቀቱን ወዝ ቢነካው ግድ የለም።

ወንድምሽ ጌቱ ፈንታ
ሮብ ገበያ፣ የካቲት ፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.