ከሳንቲሜ በኋላ ያለው ተራ

እኔ ካዚሚር ዶምብሮቭስኪ፣ የሚልዋኪ ከተማ ነዋሪ፣ በሙያዬ የቤት ማሞቂያ ሠራተኛ የነበርሁ፣ ዛሬ ኖቬምበር 9 ቀን 2004 በመኝታ ቤቴ ሆኜ ይህን ቃል እሰጣለሁ። ሳንባዬ ደክሟል፤ አእምሮዬ ግን እንደ ድሮው ነው። ይህን የሚጠራጠረው የእህቴ ልጅ ሌነርድ ብቻ ስለሆነ፣ እያንዳንዱን ቃል እንዲሰማ ከራስጌዬ አስቀምጬዋለሁ።

ቀብሬ አጭር ይሁን። ቄሱ ስብከቱን ካስረዘሙት፣ ከታች ያለችው ተከራዬ ዶሮቲያ ጉሮሮዋን ጠርጋ እንድታስቆማቸው ፈቅጃለሁ።

የመስሚያ መሣሪያዬን ለዚህችው ለዶሮቲያ ሰጥቻለሁ። ዘመኔን ሙሉ ሙዚቃውን ቀንሺ ስላት ሰምታኝ አታውቅም።

መፍቻዎቼና የቧንቧ መሣሪያዎቼ የሌነርድ ናቸው። ምድር ቤት ያለው ማሞቂያ ክረምት በገባ ቁጥር ይቆማል፤ የሚነሳው በመፍቻ እንጂ በእርግጫ አይደለም። እኔን ማንም አላስተማረኝም፤ እሱም አይቶ ይማር።

አሁን ወደ ቤቱ። እኔ የምኖረው ላይኛው ፎቅ ላይ ነው። ከታች ያለው ሴትን የሚያፈቅሩ ሴቶች የሚሰበሰቡበት የዶሮቲያ መጠጥ ቤት ነው። ሌነርድ እኔ ካለፍሁ በኋላ ቤቱን አፍርሶ አፓርታማ ለሚሠራ ሰው ሊሸጠው አስቧል። ይህን አልደበቀኝም። ግልጽነቱን አመሰግናለሁ፤ ሐሳቡን አላመሰግንም።

ሴቶቹ በገቡበት ዓመት ጎረቤቶች ተሰብስበው አስወጣቸው አሉኝ። ጎረቤት ሲያዘኝ አልወድም። ጩኸትም አልወድም። ስለዚህ በራሴ ፈቃድ ላስወጣቸው ወረድሁ። በዚያ ቤት ፑል መጫወት የፈለገ ሁሉ ሳንቲሙን በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀምጦ ተራውን ይጠብቃል፤ የሌላ ሰው ሳንቲም የነካ ይባረራል። እኔ ግን በቀጥታ ሄጄ ዶሮቲያ ፊት ቆምሁና የቤቱ ባለቤት መሆኔን ነገርኋት። ቀና እንኳ አላለችም።

"ቤቱ የእርስዎ ነው፤ ተራው ግን የእርስዎ አይደለም" አለችኝ። "ሳንቲምዎን ያስቀምጡና ቁጭ ይበሉ።"

ተቀመጥሁ። አጠገቤ ሮዛሊንድ የምትባል የአውቶቡስ ሹፌር ነበረች። በዚያ ሳምንት እናቷን ቀብራለች። ወንድሞቿ በቤተ ክርስቲያኑ የመጨረሻ ወንበር ላይ ብቻዋን ሊያስቀምጧት ሲሉ፣ የዚህ መጠጥ ቤት ሴቶች ጥቁር ለብሰው ገብተው ያን ወንበር ከዳር እስከ ዳር ሞሉት። ይህን የነገረችኝ እየሳቀች ነው። እኔ አልሳቅሁም።

ተራዬ ሲደርስ ለዶሮቲያ፣ ካሸነፍሁ ትወጣላችሁ አልኋት። ተስማማች። አሸነፈችኝ። በማግስቱ ተመልሼ ወረድሁ፤ አሸነፈችኝ። ይኸው እስከ ዛሬ።

ሌነርድ አሁን አቋርጦኝ፣ "አጎቴ፣ ሆን ብለህ ነዋ የተሸነፍከው?" ይላል። ይጻፍልኝ፦ እኔ ሆን ብዬ ተሸንፌ አላውቅም። ሴትዮዋ ትችላለች።

ስለዚህ እንዲህ አዝዣለሁ። ቤቱ የሌነርድ ነው። ነገር ግን ዶሮቲያን፣ ወይም እሷ የመጫወቻ ዱላዋን ያስረከበቻትን ሴት፣ በፑል እስኪያሸንፍ ድረስ መጠጥ ቤቱ በዛሬው ኪራይ ይቀጥላል። ሳያሸንፍ ከሸጠ ቤቱ ለዶሮቲያ ይሁን።

ሌነርድ ፈገግ አለ። ኮሌጅ እያለ ከትምህርቱ ይልቅ በፑል ይታወቅ እንደነበር አስታወሰን። አልጋዬ አጠገብ የቆመችው ዶሮቲያ እጆቿን ኪሷ ውስጥ ከተተች። ለምን እንደከተተቻቸው ሁላችንም እናውቃለን፤ ዘንድሮ መንቀጥቀጥ ጀምረዋል።

አልጨረስሁም። ከመታመሜ በፊት በፑል ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ሳንቲም አስቀምጬ ነበር፤ ተራዬ ሳይደርስ አልጋ ላይ ዋልሁ። ለደስታቸው የሚጫወቱ ሁሉ እንደ ልማዳቸው ይጫወቱ። በቤቱ ጉዳይ የሚጫወት ግን ሳንቲሙን ከእኔ ሳንቲም ኋላ አስቀምጦ ተራውን ይጠብቅ። የእኔን ሳንቲም ማንም አይንካ።

"የሞተ ሰው መጥቶ እስኪጫወት ልጠብቅ ነው?" አለ ሌነርድ።

ዶሮቲያ ጉሮሮዋን ጠረገች። "የቤቱ ሕግ ነው፣ አንተ ልጅ። ቁጭ በል።"

ይህ ቃሌ ነው፤ አልመለስበትም።

ተናዛዥ፦ ካዚሚር ዶምብሮቭስኪ (ፊርማ)
የሰማ፣ ያልተስማማ፦ ሌነርድ ሃስ (ፊርማ)
ምስክሮች፦ ቤርናዴት ኦኪፍ፣ ነርስ (ፊርማ)፤ ሮዛሊንድ ቴግ፣ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር (ፊርማ)

ምስክሮቹ በሕግ ከውርሱ ምንም እንደማይደርሳቸው ተነግሯቸዋል። ሮዛሊንድ ከመፈረሟ በፊት፣ ታች ያለው መቀመጫዬ የማን እንደሚሆን ጠይቃለች። የማንም አይሆንም፤ ተራዬን የምጠብቀው እዚያው ነው።