ጭስ የምትፈራው የእሳት አደጋ መኪና

ለተከበሩ የከተማችን የእሳት አደጋ መከላከልና ነፍስ አድን መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላው ቤተሰብዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔና ጎረቤቶቼ ከትንሽ ሳል በቀር ደህና ነን፤ ሳሉም ከጭስ የመጣ ስለሆነ በራሱ ጊዜ ይለቃል ተብለናል።

እኔ ከገበያው ጀርባ፣ መውጫ በሌላት ጠባብ መንገድ ውስጥ ፍራሽ የምሠራ ሰው ነኝ። ምድር ቤቱ ከወለል እስከ ጣሪያ ስፖንጅና ጥጥ ነው። ከላይ ባለችው ክፍል ደግሞ እኔን አዝላ ያሳደገችኝ፣ ዛሬ ግን ሁለቱም እግሮቿ አልታዘዝ ያሏት ታላቅ እህቴ ትኖራለች። እትዬ ከጠዋት እስከ ማታ መስኮቷ ላይ ተቀምጣ አላፊ አግዳሚውን ስለምትተች ሰፈሩ «ሬዲዮ» ይላታል። እንግዲህ ከታች ጥጥ፣ ከላይ መራመድ የማትችል እህት ያለው ሰው «እሳት» የሚለውን ቃል እንዴት እንደሚሰማው እርስዎ አይጠፋዎትም።

አዲሲቱን መኪና ባስመረቁበት ቀን ሱቄን ዘግቼ፣ አደባባይ ወጥቼ፣ እጄ እስኪቀላ ያጨበጨብኩትም ለዚሁ ነው። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ከዚያም ባለፈው ሳምንት በጎረቤቴ በአናጺው ቤት በጠራራ ፀሐይ እሳት ተነሥቶ መኪናዋን በሥራ ላይ ለማየት ስለበቃሁ፣ ምስጋናዬን በሆዴ ይዤ መቀመጥ ነውር ሆኖ አገኘሁት።

አንደኛ፣ ስለ ትሕትናዋ አመሰግናለሁ። መኪናዋ ስትቆም ባለሙያዎቹ ያለ ድካም እንዲወርዱ እንደ ግመል ትንበረከካለች፤ ተንበርክካ እስክትጨርስም በሮቿ አይከፈቱም። በዚህ መካከል እሳቱ የአናጺውን በር ጨርሶ ወደ ቁም ሣጥኖቹ ተሻገረ። እሳት መቼም ይሉኝታ የለውም።

ሁለተኛ፣ ወንበሮቿ ፊት ለፊት ተደርድረው መሐላቸው ጠረጴዛ ስለተተከለ ምስጋናዬ እጥፍ ነው። በአገልግሎት ቦታ ሁሉ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ሲባል ለኖርን ሰዎች፣ ስብሰባው ራሱ ጎማ አውጥቶ ደጃችን ድረስ መምጣቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ሦስተኛ፣ መሰላሏ። ምረቃው ላይ የሰማይን ሆድ ሊወጋ ምንም አልቀረውም ነበር። ችግሩ በእኛ መንገድ ትልቁ ፎቅ የእትዬ መስኮት መሆኑና፣ መሰላሉ እንዲነሣ መኪናዋ የብረት እግሮቿን ግራና ቀኝ መዘርጋት የሚኖርባት መሆኑ ነው። እግሯን በእኛ መንገድ ትዘርጋ ቢባል በግራ የልብስ ሰፊውን፣ በቀኝ የአጣቢዋን ግድግዳ አስቀድሞ ማፍረስ ያስፈልጋል። ግድግዳው ደግሞ በእሳትም በመኪናም ቢፈርስ ለባለቤቱ ያው ነው።

አራተኛው ግን፣ ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ የሚበልጠው ነው። ምረቃው ላይ ራስዎ በድምፅ ማጉያ እንዳስረዱን፣ መኪናዋ ከፊቷ መሰናክል ስታይ ሾፌሩ ባያዝዛትም ራሷ ፍሬን ትይዛለች። እውነትዎን ነው፣ ትይዛለች። ጎረቤቶቼ እንደነገሩኝ፣ በመንገዱ አፍ ላይ አጣቢዋ ያሰጣችውን እርጥብ አንሶላ ግንብ ነው ብላ ቀጥ አለች። አጣቢዋ ሮጣ አንሶላውን አወረደች። መኪናዋ ጥቂት እንደተንቀሳቀሰች ከአናጺው ቤት የሚወጣው ጥቁር ጭስ ፊት ለፊት ገጠማት፤ እሱንም ግንብ ነው ብላ ቆመች። ሾፌሩ ወደ ኋላ መልሶ እንደገና ወደ ፊት ሞከረ፣ ቆመች። ጭሱ ቀረብ ሲል ሾፌሩ ደግሞ ወደ ኋላ ይላል፤ አልሸሹም ዞር አሉ እንዲሉ ነው። እኔ ብዙ ዓይነት ፈሪ አይቻለሁ፤ ራሴም አንዱ ነኝ። ጭስ የሚፈራ የእሳት አደጋ መኪና ግን የትም የሚገኝ አይመስለኝም፤ እንኳን ለዚህ አበቃን።

ይህን ፍርሃቷን ለማጥፋት ከሾፌሩ ፊት ያለው ስክሪን የይለፍ ቃል ይጠይቃል። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ባለሙያ ደግሞ ከእርስዎ ጋር ከዚህች የበለጠ ዘመናዊ መኪና ለመጎብኘት ባሕር ማዶ እንደነበረ ኋላ ሰምተናል። ጉዞው የተሳካ እንደነበረ ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔ በዚያ ሰዓት ከገበያው ማዶ ፍራሽ ለማድረስ ሄጄ ነበር። ጭሱን አይቼ እየሮጥኩ ስደርስ መኪናዋ የመንገዳችንን አፍ እንደ ጠርሙስ ቡሽ ወትፋዋለች። በጎኗ ቀዳዳ የለም፤ በሥሯ እንዳልሾልክ ተንበርክካለች። እህቴን እየጠራሁ ጮኽኩ፤ ድምፄን የሳይረኗ ጩኸት ዋጠው። በመጨረሻ ከባለሙያዎቹ አንዱ እጄን ስቦኝ በላይዋ ተራምጄ አለፍኩ። በመስታወቷ ላይ ለቀረው የጫማ ምልክት ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ስደርስ እትዬ መንገዱ መሐል፣ በልብስ ሰፊው ወንበር ላይ፣ ያንኑ እርጥብ አንሶላ ተከናንባ ተቀምጣለች። እኔን ስታይ መጀመሪያ የጠየቀችው «ፍራሹን ለሰውየው አደረስክ?» ብላ ነው። እኔ ጎልማሳው ሰውዬ፣ ሰፈሩ ሁሉ እያየኝ፣ እግሯ ሥር ተደፍቼ አለቀስኩ። ወደ ላይ ወጥቶ ያወረዳት አናጺው ነበር፤ የገዛ ሱቁ እየነደደ፣ አንዲት መጋዝ እንኳ ሳያወጣ። ኋላ ሳመሰግነው ተቆጣኝ። «ቁም ሣጥን መልሼ እሠራለሁ፤ ሬዲዮን ማን መልሶ ይሠራልኛል?» አለኝ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው እኮ ወዶ አይደለም።

በባለሙያዎችዎ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ቧንቧውን በትከሻቸው እየጎተቱ እስከ ደጄ ድረስ መጥተዋል፤ መኪናዋ ርቃ ስለቆመች አናጺው ቤት ሳይደርስ አለቀባቸው እንጂ። በኋላ ከመካከላቸው አንዱ በሬዲዮ መገናኛ ጠርቶ «ቁንጫ»ን አስመጣልን። ቁንጫ የምንላት ያችን ትንሽና አሮጌ፣ ስትሄድ እንጣጥ እንጣጥ የምትለውን፣ ታርጋዋ በሽቦ የታሰረ የቀድሞ መኪናችሁን ነው። ስክሪን የላትም፤ ስለዚህ ጭስ መሰናክል መሆኑን የነገራት የለም። አዲሲቱ ለቅቃ ስትወጣ ቁንጫ የጎን መስታወቶቿን ወደ ውስጥ አጥፋ ሰተት ብላ ገባችና እሳቱን አጠፋችው። የአናጺው ሱቅ አመድ ሆኗል፤ የእኔ ግድግዳ ግን ጠቁሮ ብቻ ተረፈ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ነውና፣ ቁንጫ በዚያን ጊዜም ሆነ ዛሬ በመሥሪያ ቤትዎ ግቢ የሽያጭ ጨረታ የምትጠብቅ ናት።

አምስተኛም ስድስተኛም ምስጋና ነበረኝ፤ ለዛሬ ሆድ ይፍጀው። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቁንጫን አይሽጡብን። አዲሲቱን በሰፊው አውራ ጎዳና፣ ጭስ በማይደርስበት፣ ሰው በሚያያት ቦታ ያቁሟት፤ ያምርባታል። ቁንጫን ግን ከገበያው ጀርባ ያቁሙልን። እንደ እህቴ መራመድ የማይችሉ ሰዎች በየጠባቡ መንገድ አሉ፤ አናጺም ሁልጊዜ ቤቱ አይገኝም።

በዘመናዊነትዎ ጥላ ሥር፣ ከጥጥና ከስፖንጅ በላይ በአንድ ዓይኑ ብቻ የሚተኛ፣ መልካም ጤንነትንና ጭስ የሌለበትን ረጅም ዕድሜ የሚመኝልዎ፣

ታዛዥዎ ፍራሽ ሰሪው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ሳበቃ የአደጋው ሪፖርት በመሥሪያ ቤትዎ ሰሌዳ ላይ መለጠፉን ሰምቼ ሄጄ አነበብኩት። የመኪናዋ ቀለም አለመጫሩን፣ መብራቶቿ ደህና መሆናቸውን፣ ጎማዎቿ አለመጎዳታቸውን አንድ በአንድ ጽፋችኋል፤ ከላይ ቤት ሰው ስለመኖሩ ግን አንድ መስመር እንኳ አላገኘሁም። ለእትዬ ስነግራት ይህን ጻፍልኝ አለች፦ እስካሁን የተመዘገበችው በነዋሪነት ስለሆነ፣ ከእንግዲህ ስሟ ከነዋሪዎች ተሠርዞ ከመሥሪያ ቤቱ ንብረቶች ጋር እንዲመዘገብላት በትሕትና ትጠይቃለች።