ጸጥታ የሸጥንበት በጋ

ጁላይ 3

ሰው ለማረፍ ብሎ ባሕር የሚሻገረው ለምንድነው? አገሩ አልጋ የለም? ዛሬ እነሄኒንግ ከመርከብ ሲወርዱ አየኋቸው... ጃንጥላ፣ የጆሮ መድፈኛ፣ ትራስ። ከጀርመን ድረስ ትራስ ተሸክሞ! እናቴን "ትራስ የለንም ብለሽ ጻፍሽላቸው እንዴ?" አልኳት።

"ዝም በይ፤ እንግዳ ነው።"

ተራ እንግዳ ቢሆን ምን ነበረበት። ሄኒንግ የአስጎብኚ ድርጅት ሰው ነው። ከነሚስቱ ሁለት ሳምንት ተኝቶ፣ ደሴታችን "ፍጹም ጸጥተኛ" መሆኗን ካመነ የእናቴን ክፍሎች በኮንትራት ይይዛል። እኔም እዚሁ ሥራ አገኘሁ ማለት ነው። ካላመነ ግን ሴፕቴምበር ላይ ወደብ ከተማው ፒሬየስ ወርጄ የሰው ሆቴል አንሶላ አነጥፋለሁ። በቱሪዝም ዲግሪ!

ጁላይ 4

ሄኒንግ ቁርስ ላይ፦ "የቤተ ክርስቲያኑ ደወል... ሁልጊዜ ነው?"

የለም፣ ላንተ ክብር ነው። አላልኩትም። ፈገግ አልኩ። አራት ዓመት የተማርኩት እሱን አይደል?

ጁላይ 5

ቄሳችንን ፓፓ ስቴፋኒስን ጓሮ ቲማቲም ሲያጠጡ አገኘኋቸው።

"አባ፣ እንግዶቹ እስኪሄዱ ብቻ ደወሉ ዝም ቢል..."

"ለቅዳሴስ?"

"ሰው ሁሉ ሰዓት አለው።"

"እግዜርስ?" ብለው ሳቁ። ከዚያ አሰብ አደረጉ። ልጃቸውም ክፍል ታከራያለች። "ይሁን እሺ። ገመዱን ጠቅልዬ እሰቅለዋለሁ።"

ቡና ቤት ያሉት ሽማግሌዎችም ተስማሙ። አንዱ ብቻ "ቀጥሎ ባሕሩን ዝም አሰኚው" አለኝ። ሳቁብኝ። ይሳቁ! ዕድሜ ልካቸውን መርከብ የሚጠብቁ፣ ሲመጣ ደግሞ የሚሳደቡ...

ጁላይ 9

ጎረቤታችን እማማ ፎቲኒ ሞቱ። ቀትር ላይ፣ እንደተኙ።

ጁላይ 10

ረፋድ ላይ ቀበርናቸው። ሙቀቱ አያቆይም። ፓፓ ስቴፋኒስ ወደተሰቀለው ገመድ፣ ከዚያ ወደ እኔ አዩ። እኔ ወደ ሄኒንግ መስኮት አየሁ። ገመዱ እንደተሰቀለ ቀረ።

በጣት የምንቆጠር ሰዎች ነበርን። አፈሩ ከገባ በኋላ እናቴ ዞር ዞር ብላ "ማኖሊስስ?" አለች። አንድ ልጃቸው። ከተራራው ጀርባ ቀፎዎቹ ጋ ነው የሚያድረው። ስልክ እዚያ አይሠራም።

"ስታማቲስ ልኮበታል" አለ አንዱ፣ የቡና ቤቱን ባለቤት እያየ።

"እኔ? እኔ እኮ እናንተ የላካችሁ መስሎኝ!" አለ ስታማቲስ።

ማንም አልላከም። እዚህ አገር ለሞት መልእክተኛ ተልኮ አያውቅም። ደወሉ ቀስ እያለ አንድ፣ አንድ ሲል ዓሣ አጥማጁ ከባሕር፣ እረኛው ከተራራ "ማነው?" እያለ ይመጣል። ሥራው የደወሉ ነበር። እኛ መርዶ እንዴት እንደሚላክ እንኳ አናውቅም...

ጁላይ 11

ማኖሊስ ወረደ። ለእናቱ ማር ይዞ። በራችን ላይ ቆመ፤ ጣሳውን ከትከሻው አላወረደም።

"አንቲ" ብሎ በስሜ ጠራኝ፤ "እናቴን እንደ ድመት ቀበራችኋት አሉ።"

"ማኖሊስ..."

"ለእንግዶችሽ እንቅልፍ ነው አሉ። ተኙ? በደንብ ተኙ?"



ከሰዓት በኋላ የሄኒንግ ሚስት "እንዴት ያለ ሰላም ነው!" አለችኝ። ከአጥሩ ወዲያ ማኖሊስ ያለቅሳል። አትሰማም፤ ጆሮዋን ደፍናለች። መድፈኛ ካላት ደወላችን ምን አደረጋት?

ጁላይ 14

ሄኒንግ ረክቷል። ውሉን አሳየኝ። ደወሉ በጋውን ሙሉ፣ በየዓመቱ ዝም እንዲል ያስገድዳል። ሊሄድ ሲል እንፈርማለን። እናቴ አለቀሰች። ከደስታ ይሁን ከሌላ አልጠየቅኳትም... ፈራሁ።

ጁላይ 17

የእማማ ፎቲኒ ዘጠነኛ ቀን። እናቴ የተዝካሩን ስንዴ ቀቅላ በስኳርና በለውዝ አስጊጣዋለች። ማኖሊስ የለም፤ ቀፎው ጋ ተመልሷል። "እሱ ቀኑን ያውቃል" ይላሉ። አሁንም ሊጠራው ማንም አልሄደም!

ቀትር ነው። አገሩ ሁሉ ተኝቷል። ወደ ደወል ቤቱ ወጥቼ ገመዱን ፈታሁ።

"አንቲ! ሄኒንግ ተኝቷል!" ፓፓ ስቴፋኒስ ከታች።

"ይነሳ!"

አንድ። ቆም። አንድ። እጄ እስኪላጥ።

ሄኒንግ በቁምጣ በረንዳ ወጣ። "ምንድነው? ማን ሞተ?"

"እማማ ፎቲኒ።"

"መቼ?"

"እናንተ ተኝታችሁ ሳለ።"

ተመልሶ ገብቶ መስኮቱን ዘጋው።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ማኖሊስ መጣ፤ ላብ በላብ። አንድ ማንኪያ ስንዴ ቀመሰ።

"ዘገየሽ" አለኝ።

"ዘገየሁ።"

"ሰምቼዋለሁ ግን።"

ጁላይ 18

ሄዱ። ትራሳቸውንም ይዘው። ውሉ አልተፈረመም። እንግዲህ ሴፕቴምበር ፒሬየስ... አንሶላ። እናቴ አልተቆጣችም። የደወሉን ገመድ በሰም አሽታ አለሰለሰችው።

የክፍሎቻችንን ማስታወቂያ እንደ አዲስ ጻፍኩት። ማንም ላይመጣ ይችላል። ይኸው፦

"ደሴታችን ደወል አላት። ቀትር ላይም ይደወላል። ስትሰሙ 'ማነው?' ብላችሁ ከአልጋ ከወረዳችሁ፣ ስንዴ አብረን እንቀምሳለን። ለዚህ የምትመጡ ከሆነ ጻፉልኝ።"