ከታንኳዋ ሳልወርድ

ልጄ ቃለ አብ፣ የደረስጌ ማርያም ጥላ ከለላ ትሁንህ። እንዴት ከርመሃል? እኛ ደባርቅ ደህና ነን፤ ገብሱ ገና አልታጨደም፣ ጉልበቴም እንደ ልማዱ ነው።

እኅትህ እታለም «ሊቢያ ደርሷል፤ ባሕር ሊሻገር ተራ ይጠብቃል» ካለችኝ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ቄስ ዓለምነህ ጣና ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ደሴት ወዳለ ገዳም ሊሳለሙ ሲሄዱ፣ ላስጸልይልህ ብዬ ተከተልኋቸው። ለካ ገዳሙ ሴት አያስገባም! እሳቸው የብራና መጻሕፍቱንና የነገሥታቱን መቃብር ሊያዩ ሲወጡ እኔ ታንኳዋ ላይ ቀረሁ። ገደል ለገደል አድጌ ገደል አልፈራም፤ ያ ውሃ ግን ነፋስ ሲነካው ታንኳዋን እንደ ወንፊት ነቀነቃት። የብሱ በክንድ ርቀት ሆኖ ሳለ ጮህሁ።

አንድ መነኩሴ ወርደው የክርስትና ስምህ ያለበትን ወረቀት ተቀበሉኝ።

«ምን ብለን እንጸልይ?» አሉኝ።

ከደባርቅ የተነሣሁት «በሰላም አሻግርልኝ» ልል ነበር።

«መልስልኝ በሉልኝ» አልኋቸው።

ባለህበት ይጠብቅህ፤ ክፉ ሰው አያጋጥምህ። አባቶች በየቅዳሴው ስምህን እየጠሩ ነው። አቤት በል፣ ልጄ።

እናትህ እናናዬ